ተራራው የሚወስደው አየርና ርካሹ ተርቦ ቻርጀር

በጅቡቲ ወደብ የገባ ዕቃ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ደርሶ በመካከለኛ የጭነት መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ፣ ከደሴም ጉጉፍቱንና አቀስታን ዐልፎ መካነ ሰላም ይገባል። ባለዕቃው ጭነቱን በሚረከብበት ጊዜ ኩንታሉን ይቈጥራል፤ ካርቶኑን ይመረምራል፤ የጐደለ ነገር ካለም አጓጓዡን ይጠይቃል። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ላይ በየጕዞው የሚጐድል፣ ማንም ቈጥሮ የማይረከበው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሞተሩ ጉልበት ነው።

ሞተር የሚሠራው በናፍታ ብቻ አይደለም፤ ናፍታው የሚቃጠለው በአየር ነው። አየር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከፍ ባሉ ቍጥር እየሳሳ ይሄዳል። በጅቡቲ ወደብ ያለውን የአየር ግፊት መቶ ብንለው፣ 1850 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በኮምቦልቻ 80፣ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በመካነ ሰላም ደግሞ 73 ገደማ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የጉጉፍቱ ብርዳም ደጋ ከደሴም ከመካነ ሰላምም ይበልጥ ከፍ ያለ ነው፤ 3500 ሜትር በደረሰ ከፍታ ላይ ግፊቱ 65 ብቻ ነው። መካኒኮች በግምት እንደሚይዙት፣ በተፈጥሮ አየር ብቻ የሚሠራ ሞተር ለእያንዳንዱ መቶ ሜትር ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ የሸጠው ሞተር በመካነ ሰላም ገበያ አደባባይ ሲቆም በእርግጥ ያለው 100 ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

ሹፌሮች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ከደሴ ከተነሡ ብዙም ሳይቈይ ማርሹ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፤ የራዲያተሩ ሙቀት ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይትጐለጐላል። ያ ጭስ በብዙ ሰው ዘንድ የመኪናው እርጅና ምልክት ተደርጎ ይታሰባል። ብዙውን ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። የናፍታው ፖምፓ በቈላ የሚሰጠውን ያህል በደጋም ይሰጣል፤ አየሩ ስለማይበቃው ከፊሉ ናፍታ በሚገባ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ጭሱ በገንዘብ የተገዛ፣ ሥራ ሳይሠራ በየዳገቱ የተበተነ ናፍታ ነው። አጓጓዡም ይህን ኪሳራ፣ የሚፈጀውን ሰዓትና በዳገቱ ፍርሃት የቀነሰውን ኩንታል ሁሉ በኪራዩ ውስጥ ያስገባዋል። የቦረና ስንዴና ባቄላ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ ስኳርና ሳሙና፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ወደ መካነ ሰላም ሲገባ ይህ ሒሳብ በሁለቱም በኩል ይከፈላል፤ በመጨረሻ የሚከፍለው ደግሞ በሱቁ በር ላይ የሚቆመው ገዢ ነው።

ይህን ጕድለት የሚያቃና መሣሪያ ከተፈለሰፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ተርቦ ቻርጀር ሲሆን በጋራዥ ቋንቋ በአጭሩ ተርቦ ይባላል። በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ትናንሽ ባለ ክንፍ ጎማዎች አሉት፤ አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሁለተኛው ከርሱ ጋር እየዞረ ንጹሕ አየር ስቦና ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ከንቱ ይባክን የነበረው የጭስ ኀይል ተመልሶ ለሞተሩ አገልጋይ ሆነ ማለት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ መብት ያስመዘገቡት አልፍሬድ ቡኺ የተባሉ የስዊስ መሐንዲስ ናቸው።

ለደጋው ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ የተደረገው ሙከራ ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባሉ የጄነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ላይ አሳፍረው፣ በኮሎራዶ ግዛት ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው፣ 4300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ተራራ ጫፍ ወጡ። በቈላ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ራስ ላይ 230 ብቻ ሰጠ፤ ተርቦው ሲገጠምለት 356 ሆነ። እኒያ ሰው የፈለጉት ሞተሩን ከተፈጥሮው በላይ ማስሮጥ አልነበረም፤ ተራራው የወሰደበትን እንዲመልስለት ብቻ ነበር። ይህ ልዩነት በገበያችን ላይ ላለው ርካሽ ተርቦ ዋነኛው ቍም ነገር ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ተርቦ በሕዝብ ዘንድ ስሙ የገነነው ግን በፈጣን አውቶሞቢሎች ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌት ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር ተርቦ የተገጠመላቸው የመጀመሪያዎቹ የገበያ አውቶሞቢሎች ሆነው ቀረቡ። ከዚያ ወዲህ የጃፓንና የአውሮፓ ፋብሪካዎች በዚሁ መሣሪያ ትንሹን ሞተር እንደ ትልቅ ሞተር እንዲሮጥ አድርገውታል። በዛሬው ጊዜም ፍጥነት የሚወዱ ወጣቶች ከፋብሪካ ውጭ የሚሸጠውን ርካሽ የተርቦ ስብስብ ገዝተው በቤንዚን መኪናቸው ላይ ለማስገጠም ይጓጓሉ። ይህ ጕጕት ብዙ ሞተር አስፈትቷል። የቤንዚን ሞተር አየር ሲበዛለት ቤንዚኑም ተመጥኖ ካልጨመረለት፣ እሳቱም ወቅቱን ካልጠበቀ፣ ውስጡ እንደ መዶሻ እየተንኳኳ ፒስተኑን ይሰብራል። በቂ ዕውቀትና መቆጣጠሪያ የሌለው ሰው ከዚህ ሥራ ቢርቅ ይሻለዋል።

የናፍታ ሞተር ጠባዩ ሌላ ነው። አየር ቢበዛለት አይቈጣም፤ እንዲያውም ይበርድለታል። የሚያቃጥለው ናፍታ ሲበዛበት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት አንድ ባር ያህል ነው፤ በመካነ ሰላም ሰባ አራት መቶኛ ባር ገደማ ነው። ልዩነቱ ሩብ ባርና ጥቂት ብቻ ሆነ። በ3500 ሜትር ላይም ቢሆን ከሠላሳ አምስት መቶኛ ባር አይበልጥም። የተጨመቀ አየር ስለሚሞቅና ስለሚሰፋ ለርሱ ማካካሻ ትንሽ ቢጨመር፣ ተርቦው ከ0.4 እስከ 0.5 ባር ቢገፋ ሞተሩ በደጋው ላይ የቈላ ጉልበቱን ያገኛል። ይህ ግፊት ፋብሪካው ሞተሩን ሲሠራ ካሰበለት አየር ብዙም ስለማይርቅ የሚያስጨንቀው አይደለም። መኪናው ተመልሶ ወደ ኮምቦልቻ ቢወርድ እንኳ ናፍታው እስካልተጨመረ ድረስ አየሩ ጥቂት ተረፈ እንጂ ጕዳት አያመጣም።

ታዲያ ሻጩ በካርቶኑ ላይ «አንድ ባር ይገፋል» ብሎ የሚያስተዋውቀው ለማን ነው? ለሩጫ መኪና ነው። በባሕር ጠረፍ አንድ ባር መጨመር አየሩን ሁለት እጥፍ ማድረግ ነው፤ በ3500 ሜትር ላይ ያንኑ አንድ ባር ለመጨመር ተርቦው የሳሳውን አየር ሁለት እጥፍ ተኩል መጨመቅ አለበት። ለዚህም ከልክ በላይ ይሽከረከራል። ዘንጉ በሰላሙም ጊዜ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚዞር ነው፤ በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ይዞራል እንጂ ብረት ከብረት ጋር አይገናኝም። ርካሹ ተርቦ ፈጥኖ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ርካሽ በመሆኑ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ በመጠየቁ ነው። በ0.4 ባር ለዓመታት ሊያገለግል የሚችል ዕቃ በአንድ ባር በጥቂት ወራት ሊሰበር ይችላል።

ለአብነት በአገራችን በሰፊው የሚታወቀውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 1 ኤች ዜድ ሞተር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር ነው፤ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲኖረው ተርቦ ግን የለውም። በአምቡላንስነት፣ በመሥሪያ ቤት መኪናነትና በገጠር ሰው ማጓጓዣነት ያላገለገለበት ወረዳ አይገኝም። በአውስትራሊያ በረሓና ተራራ የሚነግዱ ሰዎች ለዚህ ሞተር ከፋብሪካ ውጭ የተሠራ ተርቦ መግጠም ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ልምድ የተገኘው ትምህርት ለደቡብ ወሎም ይሠራል። ቶዮታ ራሱ ተርቦ ያለውን ወንድሙን 1 ኤች ዲ ቲን ሲሠራ የመጭመቂያ መጠኑን ከ19 ለ1 በታች አውርዶታል፤ 1 ኤች ዜድ ግን ከ22 ለ1 በላይ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ግፊትና የበዛ ናፍታ የተጫነበት 1 ኤች ዜድ ፒስተኑ ይሰነጠቃል፤ ቴስታታውም ይሰነጠቃል። በልክ የተያዘው ግን ይሄዳል።

በልክ መያዙን የሚያሳዩ ሁለት መለኪያዎች አሉ፤ አንደኛው የአየሩን ግፊት፣ ሁለተኛው የጭሱን ሙቀት የሚናገር ነው። የኋለኛው ይበልጥ ያስፈልጋል። ከተርቦው በፊት የሚለካው ጭስ ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ መጠበቅ በብዙ ጋራዦች የተለመደ ጥንቃቄ ነው። እነዚህ ሁለት መለኪያዎች ከተርቦው ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ገንዘብ የሚያወጡ ቢሆኑም ገዢው ለመቈጠብ ሲል በመጀመሪያ የሚተዋቸው እነርሱን ነው። መለኪያ ሳያስገጥም ተርቦ የሚያስገጥም ሰው ሚዛን ሳይኖረው እህል እንደሚነግድ ሰው ነው።

ስለ ገጠማው ጥቂት ነገር መናገር ያስፈልጋል። ተርቦው የሚቀመጥበት የጭስ ማሰባሰቢያ ብረት ከሞተሩ ጋር በትክክል የሚገጥም መሆን አለበት፤ ጠማማ ብረት ጋርኔሽኑን በየሳምንቱ ያቃጥላል። ዘይት ወደ ተርቦው የሚያመጣው ቀጭን ቱቦ ንጹሕ፣ ዘይቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቱቦ ደግሞ ሰፊና ያለ መጠምዘዝ ቍልቍል የሚወርድ ሊሆን ይገባል። የመመለሻው ቱቦ ከጠበበ ወይም ሽቅብ ከታጠፈ ዘይቱ በተርቦው ውስጥ ይታቈርና በአየሩ መንገድ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ባለቤቱም «የቻይና ዕቃ አታለለኝ» ይላል። አታላዩ ግን ቱቦው ነበር። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሣቱ በፊት በተርቦው ውስጥ በእጅ ዘይት ማፍሰስም አይረሳም፤ በደረቁ የተነሣ ተርቦ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ኩሽኔታው ይጐዳል። የናፍታው ፖምፓ ከፍታ ሲጨምር ናፍታ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ እንዳለው ወይም እንደሌለው መካኒኩ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። የሌለው ከሆነ ናፍታውን መጨመር አያስፈልግም፤ ቀድሞ ጭስ ሆኖ ይወጣ የነበረው ይበቃዋል።

ለአስመጪው የሚነገረው ደግሞ የሚከተለው ነው። በገበያ ላይ የሚገኘው ተርቦ በአራት ወገን ይከፈላል፤ ጋሬት፣ ቦርግዋርነር፣ ሚትሱቢሺ፣ አይ ኤች አይና ሆልሴት ከመሳሰሉት ፋብሪካዎች የሚወጣው ዋናው፣ አሮጌው ተፈትቶ በአዲስ ውስጥ ዕቃ የታደሰው፣ በሌላ ፋብሪካ በዋናው መልክ የተሠራው፣ ከተፈታ መኪና የወረደው ያገለገለ። አራቱም ገዢ አላቸው፤ አራቱንም መነገድ ነውር አይደለም። ነውሩ ሦስተኛውን በአንደኛው ስም መሸጥ ነው። በሐሰተኛ ምልክት የተሸጠ ዕቃ ለጊዜው ትርፍ ቢያመጣም፣ በጉጉፍቱ ዳገት ላይ ሌሊት የቆመ የጭነት መኪና ባለቤት የሻጩን ሱቅ ስም ለገበያው ሁሉ ይናገራል። የራሱን ስም ጽፎ የሚሸጥ፣ ዋጋውም ከዋናው ሢሦ የሆነ ርካሽ ዕቃ ግን ገዢው ዐውቆ የገባበት ስለ ሆነ ክርክር አያስነሣም።

ዕቃውን በሚመረምሩበት ጊዜ ዐይንና ጣት ብዙ ይናገራሉ። ዘንጉን በጣት ይዘው ወደ ጎንና ጎን ሲነቀንቁት በደረቁ ትንሽ መወዛወዙ የተለመደ ነው፤ ክንፉ ግን ግድግዳውን መንካት የለበትም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲስቡትና ሲገፉት መንቀሳቀሱ ከታወቀ ዕቃው አይገዛም። በክንፉ ጀርባ ወይም በጫፉ ላይ በትንሹ የተፋቀ ምልክት ካለ በሚዛን መሣሪያ ላይ ተፈትሾ መስተካከሉን ያሳያል፤ አንዳች ምልክት ከሌለው ሻጩ የሚዛን ወረቀት እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል። ቀዳዳዎቹ በፕላስቲክ ክዳን ያልተደፈኑ ዕቃ በመንገድ ላይ አሸዋና ብናኝ ገብቶበት ይሆናል። ሙሉውን ተርቦ ከማስመጣት ይልቅ ዘንጉንና ኩሽኔታዎቹን የያዘውን መካከለኛውን ክፍል ብቻ ማስመጣት በጭነትም በውጭ ምንዛሪም ይቀላል፤ የውጩ ሽፋን ካልተሰነጠቀ ዳግመኛ ያገለግላልና። በጉምሩክ ረገድ፣ ተርቦ ቻርጀር በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ዝርዝር የሚመደበው በመኪና መለዋወጫ አርእስት 87.08 ሳይሆን የአየር መጭመቂያዎች በሚገኙበት በ84.14 ነው። ይህን አስቀድሞ ያላስተካከለ አስመጪ ዕቃው በመጋዘን ሲጠብቅ የኪራይ ገንዘብ ይከፍላል።

ጕዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የብር የመግዛት ዐቅም ወርዷል። አየር የማያስፈልገው የኤሌክትሪክ ሞተር በተራራ ላይ ጉልበቱ ስለማይጐድል ለደጋው መልካም ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ ባለ ላንድ ክሩዘሩና ባለ አሮጌው አይሱዙ ያለውን ሞተር ጠግኖና አሻሽሎ ገና ብዙ ዓመት ሊሠራበት ይገደዳል። በመንገድ ሥራና በግንባታ ምክንያት በብዛት የገቡት ሲኖትራኮች ደግሞ ከፋብሪካቸው ተርቦ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ተርቦ ከጊዜ በኋላ መለወጥ ያለበት ዕቃ ስለ ሆነ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ በደሴ ያሉ የመለዋወጫ ነጋዴዎች የሚጠየቁት እየበዛ መሄዱ አይቀርም።

የገዛው ሰው አያያዙን ካልተማረ ግን ከላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። ጄትፋየር የተባለው የ1962ቱ አውቶሞቢል ተርቦው በደኅና እንዲሠራ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ በየጊዜው ይሞላለት ነበር። ብዙ ባለቤቶች መሙላቱን ረሱት። መኪናው በሁለት ዓመት ውስጥ ከገበያ ወጣ፤ ከብዙዎቹም ላይ ተርቦው ተፈትቶ ተራ ካርቡሬተር ተገጠመላቸው። ዕቃው በጥበብ የተሠራ ነበር፤ ሻጩ ግን ገዢውን ሳያስተምር ሸጠው።

በእኛ መንገድ ለሹፌሩ የሚነገረው ከዚያ የቀለለ ነው። ዳገት ወጥቶ እንደ ደረሰ ሞተሩን ወዲያው አያጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ አለዚያ በጋለው ተርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። የሞተር ዘይት ቀድሞ ከሚለወጥበት ኪሎ ሜትር አስቀድሞ ይለወጥ። በበጋ አቧራ የአየሩ ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ይታይ፤ በአየሩ ቱቦ በኩል የገባች አንዲት ጠጠር ክንፉን ትሰባብረዋለችና። ሌላም አለ። ተርቦ ዳገት ያወጣል እንጂ ቍልቍለት አይዝም። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዐባይ ሸለቆ የሚወርድ መኪና ጉልበት ስላገኘ ብቻ ብዙ ኩንታል ቢጨምር ፍሬኑ ያው የቀድሞው ፍሬን ነው፤ ጭነቱ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ልክ እንዳያልፍ ባለንብረቱ ራሱ መጠበቅ አለበት። ሞተሩ መሻሻሉንም ከገጠማው በፊት ለተሽከርካሪ መርማሪው መሥሪያ ቤትና ለኢንሹራንስ ኩባንያው ማስታወቅ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

በመካነ ሰላም ያለ ባለሱቅ ተርቦውን ራሱን በመደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ገንዘቡን ማሰር አያስፈልገውም፤ እርሱ በትእዛዝ ከደሴ ይመጣል። ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ በእጁ ሊኖሩት የሚገቡት ተርቦው በሕይወት የሚቈይባቸው ጥቃቅን ዕቃዎች ናቸው፤ ለተርቦ ሞተር የሚስማማ ደረጃው የተጻፈበት ዘይት፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ፣ የዘይት ቱቦ ጋርኔሽንና የመዳብ ቀለበት፣ የአየር ቱቦ ማሰሪያ። እነዚህን በቋሚነት የያዘ ሱቅ ባለላንድ ክሩዘሩም ባለአይሱዙውም በየወሩ የሚቆምበት ሱቅ ይሆናል።